ብርዱ ሲያልፍ የፔሌት ምድጃን ማጽዳትና ለወራት ማሳረፍ

ረመጥ

ሰላም ለሁላችሁ። የብርዱ ወቅት ሲያበቃ ብዙ ሰው የፔሌት ምድጃውን፣ ማለትም ከሰጋቱራ ተጨምቆ በተሠራ ጥራጥሬ መሰል ማገዶ (ፔሌት) የሚነደውን ምድጃ፣ አጥፍቶ፣ መስታወቱን ወልውሎ፣ የአመዱን መሳቢያ ደፍቶ ይተወዋል። ዋናውን ጽዳት የሚያስበው ብርዱ ሊመለስ ሲል ነው። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፤ ዋናው ጽዳት የመጨረሻው እሳት በጠፋ ሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት።

ምክንያቱ አመዱ ነው። በእንጨት አመድ ውስጥ ያለው የፖታሲየም ጨው ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ምድጃው በየቀኑ ሲነድ ሙቀቱ ስለሚያደርቀው ችግር የለም። ለወራት ቀዝቅዞ ሲቀመጥ ግን የጭስ ማውጫው ወደ ውጭ ክፍት ስለሆነ እርጥብ አየር እንደልቡ ይገባል። አመዱ ይረጥባል፣ ብረቱ ላይ ይለጠፋል፣ ዝገቱ ይጀምራል። የአሉሚኒየም ክፍል ካለ የረጠበው አመድ ራሱ ይበላዋል፤ አልካላይን ነውና። በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ የቀረው ደግሞ ረጥቦ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይጠጥራል። ዛሬ በብሩሽ የሚራገፈው ያኔ በካቻቢቴ ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው።

አጠፋፉ ላይ ተጠንቀቁ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ቋቱ ላይ፣ ማለትም የፔሌቱ ማጠራቀሚያ ላይ፣ ፔሌት አትጨምሩ። ሊያልቅ ሲል ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በከፍተኛ ሙቀት ይንደድ፤ በዝቅተኛ ሙቀት ሲሠራ የተጠራቀመውን ጥቀርሻ በከፊል ያቃጥለዋል፣ ውስጡንም ያደርቀዋል። ከዚያ ፔሌቱን ከቋቱ ወደ እሳቱ የሚያደርሰው ጥምዙ መጋቢ ባዶ እስኪሆንና ምድጃው በራሱ እስኪቆም ተዉት። ፋኖቹ ራሳቸው ሳይቆሙ ሶኬቱን አትንቀሉ፤ ጭስ ሳቢው ፋን ከቆመ ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል፣ ኤሌክትሮኒክሱም በታመቀው ሙቀት ይጎዳል። ከቆመ በኋላ ሶኬቱን ንቀሉና 24 ሰዓት ጠብቁ። ላዩ የቀዘቀዘ አመድ ውስጡ ረመጥ ይዞ ያድራል።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም። የብረት ታንክ ያለው የአመድ ቫክዩም፣ ለቱቦው ልክ የሆነ ክብ ብሩሽ፣ የቀለም ብሩሽ፣ ካቻቢቴና የብሎን ቁልፎች፣ ቀጭን ሽቦ፣ የእጅ ባትሪ፣ ጓንት፣ ለደቃቅ ብናኝ የሚሆን ማስክ። እያንዳንዱን ነገር ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት፤ በተለይ የሽቦዎቹንና የቀጫጭን የጎማ ቱቦዎቹን አገባብ።

አካሄዱ ከላይ ወደ ታች ነው፣ ብናኙ ወደ ታች ስለሚወርድ። ቋቱ፣ ከዚያ የእሳት ክፍሉና የጀርባ መከለያዎቹ፣ ከዚያ የሙቀት ማስተላለፊያ ቱቦዎቹ፣ ከዚያ የጎን አመድ ማጠራቀሚያዎቹ፣ ጭስ ሳቢው ፋንና የጭስ ማውጫው። የበሩ ጓርኒሲዮንና መስታወቱ ለመጨረሻ ይቆዩ። ዝርዝሩን የምታውቁ ጨምሩበት።

አዲስ ገቢ

ረመጥ፣ እናመሰግናለን። ሦስት ነገር ልጠይቅ። የቤት ቫክዩም መጠቀም ለምን አይቻልም? ቋቱ ውስጥ ግማሽ ከረጢት ያህል ፔሌት ቢቀር ምን ያመጣል? ሦስተኛው፣ ነበልባሉ ብርቱካናማና ሰነፍ ሆኗል፣ መስታወቱም በአንድ ቀን ይጠቁራል። ፔሌቱ የሚነድበትን ጽዋ በየቀኑ አጸዳለሁ፣ ለውጥ የለም።

ሰጋቱራ

ስለ ፔሌቱ እኔ ልመልስ። ፔሌት ያለ ሙጫ በግፊት ብቻ የተጨመቀ ሰጋቱራ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚይዘው የእንጨቱ የራሱ ተፈጥሯዊ ማያያዣ፣ ሊግኒን፣ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ይፈረካከሳል፣ ተመልሶ ሰጋቱራ ይሆናል። ቋቱ ውስጥ ያለው ቢያብጥ በእጅ ታወጣዋለህ። ከባዱ ጥምዙ መጋቢ ውስጥ የቀረው ነው። እዚያ ጠባብ ቱቦ ውስጥ አብጦ ሲደርቅ መጋቢውን ቀርቅሮ ይይዘዋል። የመጋቢው ሞተር ቀርፋፋ ነው፣ በደቂቃ ከ1 እስከ 6 ዙር ያህል ብቻ ስለሚዞር ጉልበቱን የሚያገኘው ከጥርሳጥርሱ ነው። መጋቢው ተቀርቅሮ ሞተሩ ሲገፋ የሚሰበረው ያ ጥርስ ነው። ስለዚህ ግማሽ ከረጢት ቀርቶም ቢሆን አውጣው።

ቋቱ ባዶ ሲሆን ከሥሩ ደቃቅ ብናኝ ታያለህ። በቫክዩም ምጠጠው፣ የቫክዩሙን ጫፍ ወደ መጋቢው አፍም አስጠጋ። ይህ ብናኝ በየከረጢቱ ጥቂት ጥቂት እየተጠራቀመ የመጣ ነው። መጋቢው ሲያቃስት ወይም ፔሌቱ አንዴ በርከት አንዴ አነስ እያለ ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው።

የተረፉ ከረጢቶችን ከወለል ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ትንሽ አርቃችሁ አስቀምጡ። የተከፈተውን ከረጢት ክዳኑ በሚገጥም ባልዲ ውስጥ ገልብጡት። በቶን የሚቆጠር ፔሌት በዝግ ክፍል የምታስቀምጡ ካላችሁ ክፍሉ አየር ማስገቢያ ይኑረው። የተከማቸ ፔሌት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ በትልልቅ የፔሌት ጎተራዎች ውስጥ ሰው የገደለ ነገር ነው።

ጥቀርሻ

የሰነፉን ነበልባል ጉዳይ ለእኔ ተዉልኝ። ጽዋውን በየቀኑ እያጸዱ ነበልባሉ ካልተስተካከለ ችግሩ ያለው ሰው በማያየው ቦታ ነው።

እስቲ ሒሳቡን ሥሩት። ኢኤንፕላስ በተባለው የፔሌት ጥራት ደረጃ ኤ1 የሆነ ፔሌት አመዱ ከ0.7 በመቶ፣ እርጥበቱ ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም። 1 ቶን ያነደደ ሰው እስከ 7 ኪሎ አመድ ይጠብቃል። ከመሳቢያውና ከጽዋው የደፋችሁት ከዚህ በጣም ካነሰ ቀሪው የት ገባ ብላችሁ ጠይቁ። ከፊሉ በጭስ ማውጫው ወጥቷል፤ ከፊሉ ግን ከመከለያው ጀርባ ተኝቶ የአየሩን መንገድ ዘግቷል። ነበልባሉ የሚሰንፈው አየር ስላነሰው ነው፣ መስታወቱም የሚጠቁረው በዚያው ምክንያት ነው።

መከለያዎቹ በብዙ ምድጃ ላይ በ2 ወይም በ4 ብሎን አለዚያም በማንጠልጠያ ብቻ የተያዙ ናቸው። ከብረት የተሠሩ ከሆኑ አትፍሩ። ከቨርሚኩላይት ከሆኑ፣ ማለትም ቢጫ ወይም ግራጫ ሆነው በጥፍር የሚጫሩ ዓይነት ከሆኑ፣ በሁለት እጅ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ በጠንካራ ብሩሽ አትፈትጓቸው፣ ውሃም አታስነኳቸው። ቀጭን ስንጥቅ ቢታይባቸው ቁራጩ ከቦታው እስካልወደቀ ድረስ ያገለግላሉ።

ከጀርባቸው የሙቀት ማስተላለፊያ ቱቦዎቹ አሉ። ላያቸው ላይ ያለው የአመድ ሽፋን ቀጭን ቢመስልም ሙቀት አያሳልፍም። የጭሱ ሙቀት ወደ ቤት መግባቱ ቀርቶ በጭስ ማውጫው ይወጣል ማለት ነው። በብሩሽ ዙሪያቸውን ጥረጉ። እጀታ ተስቦ የሚጠረግ ምድጃ ያላችሁም በእጀታው ብቻ አትተማመኑ፤ የእጀታው ቀለበት የቱቦውን ጫፍና ጀርባ አይደርስበትም።

ከግራና ከቀኝ፣ ብዙ ጊዜ ከአመዱ መሳቢያ ጀርባ፣ ትንንሽ ክዳኖች አሉ። በቢራቢሮ ዳዶ ወይም በ2 ብሎን ይታሰራሉ። ብዙ ሰው መኖራቸውን አያውቅም። ከነዚህ ክዳኖች ጀርባ ያለው መተላለፊያ ጭሱ ወደ ጭስ ሳቢው የሚዞርበት ስለሆነ ደቃቁ አመድ የሚዘንበው እዚያ ነው። የቫክዩሙ ጫፍ ካልገባ ጫፉ ላይ ቀጭን ጎማ በቴፕ አያይዙና አስገቡ። ግድግዳውን በጎማ መዶሻ ወይም በጡጫ ቀስ አድርጋችሁ ብትመቱ የተለጠፈው ይወርዳል፤ መከለያው ከወጣ በኋላ ብቻ እንጂ ቨርሚኩላይቱ በቦታው እያለ አይሆንም።

የቤት ቫክዩምን በተመለከተ ሁለት አደጋ አለ። አንደኛው ረመጥ ነው፤ አንዲት ፍንጣሪ በወረቀት ከረጢቱና በብናኙ መሃል አየር ሲነፍስባት ትቀጣጠላለች። ሁለተኛው ደግሞ የአመዱ ደቃቅነት ነው፤ በማጣሪያው አልፎ ወደ ቤት ይበተናል፣ ሞተሩ ውስጥም ይገባል። የብረት ታንክና ደቃቅ ማጣሪያ ያለውን ተጠቀሙ፤ እሱንም ቢሆን በቀዘቀዘ አመድ ላይ ብቻ። የወጣውን አመድ ክዳኑ በሚገጥም የብረት ዕቃ ውስጥ፣ ከቤት ውጭ፣ እሳት በማይዘው ወለል ላይ ቢያንስ 3 ቀን አቆዩት።

አዲስ ገቢ

እነዚያን ክዳኖች አሁን አየኋቸው፣ አልተከፈቱም ነበር። ጽዋው ላይስ ሌላ የሚታይ ነገር አለ?

ጥቀርሻ

አዎ። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን ይዘህ እይ። የቀለጠ አመድ የዘጋውን በቀዳዳው ልክ በሆነ የድሪል ጫፍ በእጅህ እያዞርክ ክፈት። በድሪሉ ሞተር አትሞክር፤ ቀዳዳው ከሰፋ አየሩ በዚያ ብቻ ይሮጥና ሌሎቹ ይራባሉ። ጽዋው የሚቀመጥበትን ከንፈርም ጥረግ፤ አንዲት ጠጠር እዚያ ከቀረች ጽዋው ይንጋደዳል፣ አየሩ በቀዳዳዎቹ ማለፉ ቀርቶ በጎን ያመልጣል። ጽዋው ከተጣመመ ወይም ግድግዳው ተበልቶ ከሳሳ የሚለወጥበት ጊዜ ነው።

ኩሽኔታ

ስለ ፋኖቹ። ሁለት ናቸው፣ ሥራቸውም ጉዳታቸውም ይለያያል።

ጭስ ሳቢው በአመድ ውስጥ ነው የሚኖረው። ማጽዳቱ ከሁሉም የሚያስፈልገው እሱ ሆኖ ሳለ በብዛት የሚዘለልም እሱ ነው። ብሎኖቹን ፍቱና ሞተሩን ከነምላጮቹ ሳቡት፤ ቤቱ በቦታው ይቆያል። በመሃላቸው ያለው ጓርኒሲዮን አንዴ ከተከፈተ በኋላ መልሶ አይታመንም፣ ስለዚህ ሳትፈቱት በፊት አዲሱን አዘጋጁ። ምላጮቹን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ፣ አታጣሟቸው። ምላጭ ላይ የተሰካች ትንሽ የብረት ቁራጭ ካያችሁ አትንኳት፤ ፋኑ ሳይንቀጠቀጥ እንዲዞር ሚዛን የምትጠብቅ ናት። አመድ በአንድ ወገን ሲጠራቀምም ሚዛኑን ያዛባዋል። የሚንቀጠቀጥ ፋን ኩሽኔታውን ይበላል፣ ከዚያ ጩኸቱ ይመጣል።

ዘንጉን በእጃችሁ አዙሩት። ያለ ድምፅ ተንሸራትቶ ቀስ ብሎ መቆም አለበት። ቢያንገጫግጭ ወይም ወደ ጎን ቢላወስ ኩሽኔታው አልቋል። የታሸገ ኩሽኔታ ዘይት አይጨመርበትም። ዘይት ማስገቢያ ቀዳዳ ያላቸው ሞተሮች አሉ፤ እነሱ 2 ወይም 3 ጠብታ የኤሌክትሪክ ሞተር ዘይት ይበቃቸዋል። የዛገ ብሎን ለማላቀቅ የሚነፋው ስፕሬይ እዚህ ቦታ የለውም፤ ቅባቱን አጥቦ ይወስድና ራሱ ይተናል።

ሙቀት ነፊው የቤቱን አየር ስለሚስብ የሚሞላው በአቧራ፣ በጨርቅ ብናኝና በቤት እንስሳ ፀጉር ነው። ከበሮ መሰሉ ፋን ጠባብ ምላጮቹ ሲሞሉ አየር መግፋት ያቅተዋል። ምድጃው ውስጡ ይግላል፣ የሙቀት መከላከያው ስዊች ያጠፋዋል፣ ሰው ደግሞ ቦርዱ ተበላሸ ይላል። በጥርስ ብሩሽ ምላጭ በምላጭ ይጠረጋል። በአየር ግፊት የምትነፉ ከሆነ ፋኑን በእጃችሁ ይዛችሁ አቁሙት። አየሩ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ካሽከረከረው ኩሽኔታው ይጎዳል።

ባለቱቦ

የጭስ ማውጫው ላይ እጨምራለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅ፤ የእሳቱ ክፍል ውስጥ ፋኑ ስለሚስብ ግፊቱ ከቤቱ ያነሰ ነው፤ ከፋኑ በኋላ ያለው ቱቦ ግን ጭሱ ስለሚገፋበት ግፊቱ ከቤቱ ይበልጣል። በር ላይ ያለ ክፍተት አየር ያስገባል፣ ቱቦ ላይ ያለ ክፍተት ግን ጭስ ወደ ቤት ያወጣል። በመጋጠሚያዎቹ ዙሪያ ከውጭ በኩል ግራጫ ወይም ጥቁር የብናኝ መስመር ካያችሁ ጭስ ሲያመልጥ ቆይቷል ማለት ነው። ያንን መጋጠሚያ ፍቱት፣ አሮጌውን ሲሊኮን ፋቁ፣ ውስጡ ያለውን የጎማ ቀለበት እዩ፣ ከዚያ ከፍተኛ ሙቀት በሚችል ሲሊኮን መልሱት።

ብሩሹ የቱቦው ልክ ይሁን። 80 ሚሊ ሜትር፣ ወይም ደግሞ 3 እና 4 ኢንች የሚባሉት የተለመዱ ናቸው። ቀጥ ብሎ የሚወጣውን ከላይ ወደ ታች ጥረጉ፤ ሁሉም ቲ ቅርጽ ባለው መጋጠሚያ ሥር ይጠራቀማል። ክዳኑን ስትከፍቱ ከሥሩ ላስቲክ እሰሩበት። አግድም የሄደ ቱቦ ላይ አመዱ ሆዱ ውስጥ ይተኛልና እዚያ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። የሚወርደው ደረቅ ግራጫ ወይም ቡናማ ዱቄት ከሆነ ቃጠሎው ደህና ነበር። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሬንጅ ከወጣ ፔሌቱ እርጥብ ነበር ወይም አየሩ አንሷል፤ ምክንያቱ ሳይገኝ ቀጣዩን ወቅት አትጀምሩ። ውጭ ያለው ጫፍ ላይ የወፍ ጎጆ ወይም የተርብ ቤት እንዳይኖር እዩ።

ሥራውን የሚያፈጥን ዘዴም አለ፤ የቅጠል መንፊያ ማሽን የመሳቢያ ጎኑን ከውጪው የቱቦ ጫፍ ጋር አያይዞ ከውስጥ አመዱን እየጠረጉ ወደ ውጭ ማስሳብ።

ኩሽኔታ

ባለቱቦ፣ ዘዴው እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ሳይጠነቀቁ ሲያደርጉት የሚያስከትለው ግን መነገር አለበት። ማሽኑ ከምድጃው ፋን በብዙ እጥፍ ይስባል። ጭስ ሳቢው በትክክል መሳቡን ወደሚከታተለው ግፊት ስዊች የሚሄደውን ቀጭን ጎማ አስቀድማችሁ ካልነቀላችሁ በስዊቹ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ይቀደዳል። ቆሞ የነበረው ጭስ ሳቢ ያለ ኤሌክትሪክ በከፍተኛ ፍጥነት ይሽከረከራል። አንዲት ፍም ካለች ደግሞ ያቺን ፍም አየር እያነፈሳችሁ ወደ ውጭ መወርወር ነው፤ ደረቅ ሣር ካገኘች አደጋ ነው። እና ምንጊዜም መሳብ እንጂ መንፋት የለም፤ ከውጭ ወደ ውስጥ የነፋ ሰው ቤቱን በሙሉ በአመድ ይሞላል።

ባለቱቦ

ትክክል፣ ሁሉንም እቀበላለሁ። አንድ ልጨምር፤ ይህ ዘዴ ብሩሹን አይተካም። ልቅ የሆነውን ይወስዳል፣ የተለጠፈውን ይተዋል።

ገመድ ቀያሪ

የበሩ ገመድ ጓርኒሲዮን ላይ ማንም አልመጣም፤ እኔ ለሰነፍ ነበልባል ከሚጠረጠሩት ሁለተኛ አደርገዋለሁ። ቀጭን የወረቀት ቁራጭ በሩ ላይ አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡ። እንደያዘ ከቀረ ወይም በችግር ከወጣ ገመዱ ደህና ነው። ዝም ብሎ ከተንሸራተተ እዚያ ቦታ ላይ አየር ይገባል፣ ያ አየር ደግሞ በጽዋው ቀዳዳ ማለፍ የነበረበት ነው። ዙሪያውን በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ሞክሩ። አንድ ጎን ብቻ ከላላ የበሩ ማጠፊያ ወይም መቆለፊያ ላይ ማስተካከያ ብሎን ይኖራል፤ ገመዱን ከመቀየር በፊት እሱን ሞክሩ። የአመድ መሳቢያው የራሱ በር ካለው እሱም ይፈተን።

ለመቀየር ውፍረቱን ከአሮጌው አትለኩ፤ ለዓመታት ተጨፍልቋል። የጉድጓዱን ስፋት ለኩ ወይም የምድጃውን መመሪያ እዩ። አሮጌውን ነቅላችሁ ጉድጓዱን እስከ ብረቱ ድረስ ፋቁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ማጣበቂያውን በስሱ ቀቡ፤ ከበዛ ገመዱ ይጠጣውና ይደርቃል፣ መጨመቁ ይቀራል። ገመዱን አትወጥሩት፤ የተወጠረ ገመድ ይቀጥናል፣ ሲሞቅም ይሰበሰብና ጫፎቹ ይለያያሉ። እየገፋችሁ አስቀምጡት። ጫፎቹ በማጠፊያው በኩል ይጋጠሙ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት ቴፕ ጠምጥሙበት እንዳይበተን። በሩን ዘግታችሁ 24 ሰዓት ተዉት። ይህን ሥራ አሁን ለማድረግ ጥሩ ምክንያት አለ፤ ማጣበቂያው ለመድረቅ ወራት አለው።

አዲስ ገቢ

መስታወቱ ላይ ነጭ ደመና የሚመስል ነገር አለ፣ በምንም አይለቅም።

ገመድ ቀያሪ

አመድ ለረጅም ጊዜ ተቀምጦበት መስታወቱን በልቶት ከሆነ አይለቅም። አዲስ ከሆነ በእርጥብ ጋዜጣ ላይ ደቃቅ አመድ ነክረህ ቀስ ብለህ እሸው፣ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጨርስ። መስታወቱ ሴራሚክ ነው፤ የድስት መፈተጊያ ሽቦም ምላጭም አይነካውም። ሳይቀዘቅዝ አትጥረገው።

ዋት

ፔሌቱን የሚለኩሰውን የኤሌክትሪክ ማቀጣጠያ ማንም አልለካም። ሶኬቱ ተነቅሎ ሁሉም ነገር ክፍት ሆኖ ሳለ 2 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። ሁለቱን ሽቦዎች ከቦርዱ ንቀሉና በቴስተር ኦሙን ለኩ። የሚጠበቀውን ለማወቅ ቮልቱን በራሱ አባዙና ለዋቱ አካፍሉ። 230 ቮልት ላይ 300 ዋት የሆነ ማቀጣጠያ 176 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ በ120 ቮልት 300 ዋት የሆነው 48 ኦም አካባቢ። ጥቂት ልዩነት ችግር የለውም። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። ከዚያ ከአንዱ ሽቦ ወደ ብረት ቅርፊቱ ለኩ፤ እዚህ ምንም ማንበብ የለበትም። ካነበበ ኤሌክትሪክ ወደ አካሉ እያመለጠ ነው።

ለወራት ካረፈ በኋላ ገና ሲቀጣጠል የቤቱን የኤሌክትሪክ መከላከያ (ብሬከር) የሚጥል ማቀጣጠያም አለ። በውስጡ ያለው ነጭ ዱቄት እርጥበት ስቦ ነው። ይህም ምድጃውን በደረቅ ቦታ ለማሳረፍ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው። የማቀጣጠያው ቱቦ ውስጥ የተጠራቀመውን አመድ በቫክዩም አውጡ። ሴራሚክ ዓይነቱን በሽቦ አትጎርጉሩት፣ ይሰበራል።

ፍልውሃ

የውሃ ማሞቂያ ያለው የፔሌት ምድጃ ለምትጠቀሙ አንድ ነገር። ውሃውን አታፍስሱት። ሲስተሙ ውስጥ የቆየው ውሃ ኦክስጅኑን ጨርሷል፤ አዲስ ውሃ አዲስ ኦክስጅን ይዞ ይገባና ከውስጥ ያዝጋል። ግፊቱን ብቻ ቀዝቃዛ ሳለ ተመልከቱ፤ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ባር ነው። ሳይነካ በየጊዜው የሚወርድ ከሆነ የሚያፈስ ቦታ ወይም የደከመ የማስፋፊያ ታንክ አለ።

ሰጋቱራ

ከጽዳቱ በኋላ ጭስ ማውጫውን መድፈን ይሻላል ወይስ ክፍት መተው? ሁለቱንም ሲመክሩ ሰምቻለሁ።

ባለቱቦ

እኔ እደፍናለሁ። ከውጭ የሚመጣውን እርጥብ አየርና ነፍሳት ያስቀራል። በላስቲክ የተጠቀለለ ሰፍነግ በቱቦው ጫፍና በአየር ማስገቢያው ላይ። አንድ የማይታለፍ ነገር አለ፤ ደማቅ ቀለም ያለው ጨርቅ በሶኬቱ ሽቦ ላይ ይታሰር፣ ላዩም ላይ “ቱቦው ተደፍኗል” ተብሎ ይጻፍ። ሌላ ሰው ምድጃውን ለማብራት ሶኬቱን ሲያነሳ ጽሑፉን ሳያይ መሰካት የለበትም።

ኩሽኔታ

መድፈኑ ጥሩ የሚሆነው ውስጡ ደረቅ ሲሆን ነው። እርጥብ በሆነ ቀን ጠርጋችሁ ወዲያው ከደፈናችሁ እርጥበቱን ውስጥ ነው ያሰራችሁት። በደረቅ ቀን በሩን ጥቂት ሰዓት ከፍታችሁ አናፍሱት፣ ከዚያ የሲሊካ ጄል ከረጢት የእሳት ክፍሉ ውስጥ አስገቡ። ካልሲየም ክሎራይድ ያለበትን እርጥበት መጣጭ አታስገቡ፤ የሳበውን ውሃ ጨዋማ ፈሳሽ አድርጎ ያጠራቅማል፣ ያ ፈሳሽ ብረት ላይ ከፈሰሰ ከአመዱ የባሰ ነው።

ሶኬቱም ተነቅሎ ይክረም። መብረቅና የኤሌክትሪክ መዋዠቅ ቦርዱን የሚያገኙት በጠፋ ምድጃም ላይ ነው። የሪሞቱን ባትሪ አውጡ። በዚያው አጋጣሚ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያውን የማብቂያ ዓመት አንብቡ፤ ከጀርባው ታትሟል።

ገመድ ቀያሪ

ከጽዳት በኋላ ለሙከራ ማንደድስ? ያለ ሙከራ ሁሉም በትክክል መገጠሙን በምን እናውቃለን?

ረመጥ

ለሙከራ ብለን ካነደድን ያጸዳነው ላይ አዲስ አመድና አዲስ ጥቀርሻ ጨመርን ማለት ነው። የእሳቱ ሙከራ ከጽዳቱ በፊት ይሁን፤ በመጨረሻው ከፍተኛ ቃጠሎ ጊዜ ድምፁን አዳምጡ፣ ጉድለቱን ጻፉ። ከጽዳቱ በኋላ ግን ፋኖቹን ብቻ ፈትኑ። ብዙ ምድጃ በአገልግሎት ሜኑው ውስጥ እያንዳንዱን ሞተር ለየብቻ የሚያስነሳ ቦታ አለው። ቱቦውን ከመድፈናችሁ በፊት ጭስ ሳቢውን አስነሱና አሁን የጠፋ ክብሪት ጭሱን በበሩ ዙሪያ አሳልፉት። ጭሱ ወደ ውስጥ የሚሳብበት ቦታ ካለ እዚያ ጋ ገመዱ አልገጠመም።

አዲስ ገቢ

አሁን ሁሉንም መልሼ ገጠምኩና ፋኑን ፈተንኩ። ፋኑ በደንብ ይዞራል፣ ግን የግፊት ስህተት ያሳያል። ከጽዳቱ በፊት አልነበረም።

ኩሽኔታ

ከጽዳት በኋላ የሚመጣ የግፊት ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ያልገጠመ ነገር ነው እንጂ የተበላሸ ነገር አይደለም። በዚህ ቅደም ተከተል እይ። በሩና የአመዱ መሳቢያ እስከ መጨረሻው ተቆልፈዋል? የቋቱ ክዳን ተዘግቷል? የጎን ክዳኖቹ በጓርኒሲዮናቸው ላይ በትክክል ተቀምጠዋል? የጭስ ሳቢው አዲስ ጓርኒሲዮን አልታጠፈም?

እነዚህ ደህና ከሆኑ ሶኬቱን ንቀልና ወደ ቀጭኑ ጎማ ሂድ። ከስዊቹ ነቅለህ ወደ ምድጃው አቅጣጫ ንፋ፤ ወደ ስዊቹ በፍጹም አትንፋ። አየር ካላለፈ ጎማው ምድጃውን የሚነካባት ትንሽ ቱቦ በአመድ ተደፍናለች። ብሩሹ ስትጠርግ ገፍቶ የከተተው ሊሆን ይችላል። በቀጭን ሽቦ ክፈታት። ጎማው ጫፉ ላይ ከተሰነጠቀ 1 ሴንቲ ሜትር ቆርጠህ መልሰህ ስካው። ስዊቹ ሁለት አፍ ካለው ደግሞ ጎማው የገባው በትክክለኛው አፍ ላይ መሆኑን ከፎቶህ ጋር አስተያይ።

አዲስ ገቢ

ትንሿ ቱቦ ነበረች፣ ሙሉ በሙሉ ተደፍና። በሽቦ ከፈትኳት፣ ስህተቱ ጠፋ።